«ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ማርሽ»፤ የመለዋወጫ ዕቃ ስሞች ታሪክ

የውጭ ቃል ወደ አማርኛ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በመጽሐፍ፣ አንዳንዱ በንግድ፣ አንዳንዱም በጦር ይገባል። በመጽሐፍ የገባውን ቃል መርምሮ መመዝገብ ለቋንቋ ሠራተኛ ያን ያህል አይከብደውም፤ መጀመሪያ የጻፈው እጅ ይታወቃልና። በዘይት በተነከረ እጅ የገባው ቃል ግን ማን እንዳስገባው፣ መቼም እንደ ገባ ሳይታወቅ አንድ ቀን በሰው ሁሉ አፍ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ከኋለኛው ወገን ጥቂቶቹን ነው፤ ይኸውም የሞተርን ኀይል ተቀብለው ወደ ጎማ የሚያደርሱትን የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ክፍሎች ስሞች ነው። እነዚህን ለይተን የመረጥንበት ምክንያት አለ። በአሮጌ ፒካፖችና በጭነት መኪኖች ጥገና ክፍሎቹ ከአንዱ መኪና እየተፈቱ ለሌላው ሲገጠሙ ኖረዋል። ዕቃው መኪና ሲለውጥ ስሙም አብሮት ይዛወራል፤ ነገር ግን ስሙ አንዳንድ ጊዜ ከዕቃው ይሰፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠብባል። ተርጓሚው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እኛም ተሳስተናልና ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። በአንድ ወቅት፣ ስሙን መጥቀስ ለማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የላንድሮቨር ፒካፖች የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። መመሪያው በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በፍሪሲዮን ምዕራፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ፕሌት» እያለ ይጠራል፤ አንደኛውን «ድሪቨን ፕሌት»፣ ሁለተኛውን «ፕሬዠር ፕሌት» ይላል። እኛም መነሻውን ጠብቀን «ተነጂ ሰሐን» እና «ተጫኝ ሰሐን» ብለን አስቀመጥን። በትርጕማችንም ደስ ብሎን ነበር። ጥቂት ቆይቶ የመሥሪያ ቤቱ የግዢ ክፍል ከመመሪያው ላይ የዕቃ ዝርዝር ሲያወጣ ቅጽሎቹን ትቶ «የፍሪሲዮን ሰሐን፣ ብዛት 6» ብሎ ጻፈ። የመጡት ስድስቱም ተጫኝ ሰሐን ሆነው ተገኙ፤ ያለቀው ደግሞ ተነጂው ነበር። በዚህም ላይ መጠናቸው ለመኪኖቹ አልሆነም። ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኀኒት ያመላልሱ የነበሩት ፒካፖች ክረምቱን ከአጥር ሥር ቆመው አሳለፉ። ቅጽሉን የጣለው ሌላ ሰው ነው ብለን ማምለጥ እንችል ነበር፤ ነገር ግን ቅጽሉ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ስም የሰጠነው እኛ ነን።

ነገሩን ለማጣራት ወደ ጋራዡ ስንሄድ፣ በዕድሜ የገፉት ዋናው መካኒክ ብዙም ሳይናገሩ ጆንያ አንጥፈው የአንዱን መኪና ፍሪሲዮን ክፍል በክፍል ደረደሩልን። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የጻፋችሁልኝ ክብ መሆኑን ነው። ክብማ ምጣዱም ክብ ነው። እኔ የምፈልገው ከማን ጋር እንደሚጋጠም ነው» አሉን። ከብዙ የቃላት ስብሰባ ይልቅ ይህች አንዲት ንግግር ሥራችንን አስተካክላልናለች።

በጆንያው ላይ የታየው ባጭሩ ይህ ነው። ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ከባድ ክብ ብረት አለ፤ መካኒኮች ከጣልያንኛ ወስደው «ቮላኖ» ይሉታል። በእርሱ ላይ በቡሎን የሚታሰረው፣ ምንጭ ብረት ያለበት መጫኛ «ፕሬዠር» ነው። በሁለቱ መካከል ተጨምቆ የሚሽከረከረው ስሱ ክብ «የፍሪሲዮን ሸራ» ይባላል። ሸራው በመካከሉ ጥርስ የተቀረጸበት ቀዳዳ ስላለው ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ ይሰካል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ፕሬዠሩ ሸራውን ይለቀዋል፤ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። እግሩን ሲያነሣ ሸራው እንደገና ይጨመቅና ሁለቱ አንድ ሆነው ይዞራሉ። እንግዲህ ሸራው የሁለት ቤት ልጅ ነው። በዳር ስፋቱ ለሞተሩ ቮላኖና ለፕሬዠሩ መሆን አለበት፤ በመካከሉ ጥርስ ደግሞ ለካምቢዮው ዘንግ መሆን አለበት። ከአንድ መኪና ፈትቶ ለሌላው የሚገጥም መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ሰሐን» የሚለው ቃላችን ግን ከሁለቱ አንዱንም አይመልስም ነበር።

አሁን ወደ ስሞቹ ታሪክ እንመለስ። መኪና ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ስም አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በእንፋሎት የሚሄደው የመንገድ መዳመጫ በአስመጪው በሰርኪስ ስም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ መጠራቱ የታወቀ ነው። «ባቡር» በዐረብኛ በኩል የመጣ ቃል ሲሆን፣ በጊዜው ሞተር ያለውን ሁሉ፣ የእህል ወፍጮውን ሳይቀር ይጠራ ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ ያየው ዕቃ በአንድ ስም የሚጠራ አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ የውስጥ ክፍሎቹን መጥራት ያስፈለገው ማንም አልነበረም። የክፍል ስም የሚያስፈልገው ዕቃው ሲሰበር ነው።

የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የፈረንሳይኛ ተጽዕኖ በከተማው ሰፍቶ ነበር። «ለገሀር» የሚለው የሰፈር ስም ምስክር ነው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የመጡትም ከዚሁ ቋንቋ ነው። እነዚህ ግን የሰው የሥራ ስምና የቦታ ስም ናቸው። የመኪናን ሆድ የሚሰይሙት ቃላት በብዛት የገቡት በኋላ፣ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበትና በያዘበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ነው። ወራሪው ጦር በሺሕ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ይዞ መጣ፤ ከእነርሱም አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራውና በቁጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የተጠራው ፊያት 634 ነው። መኪና ሲበዛ ስብራት ይበዛል፤ ስብራት ሲበዛ ጥገና ያውቅ ዘንድ የግድ የሚሆንበት ረዳት ይበዛል። ፊደል ሳይቆጥር፣ «ያንን አቀብለኝ» እየተባለ የተማረው ረዳት ያቀበለውን ዕቃ ስም በጆሮው ያዘ።

የያዘውም ብዙ ነው። «ጎማ»፣ «ካንዴላ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ማርሚታ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ቡሎን»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ላሜራ»፣ «ታርጋ»፣ «ጋቢና» ሁሉም ከዚህ ይቈጠራሉ። የድምፅ ለውጣቸውም የጆሮ ሥራ መሆኑን ያሳያል። «ካቻቢቴ» በጣልያንኛው «ቪ» የነበረውን ወደ «ቢ» መልሷል፤ «ጋቢና» «ካ»ን ወደ «ጋ» ለውጧል። መጨረሻቸው ላይ ደግሞ፣ ሕግ ለማለት ባያስደፍርም፣ አንድ ጠባይ ይታያል። በጣልያንኛ በ«ኦ» ወይም በ«ኣ» ድምፅ የሚጨርሱት በአብዛኛው መጨረሻቸውን ይዘው ገብተዋል። «ካምቢዮ» እና «ጎማ» ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በ«ኔ» የሚጨርሱት ግን የመጨረሻውን አናባቢ ጥለዋል፤ «ቡሎኔ» «ቡሎን» ሆነ፤ «ፍሪጺዮኔ» «ፍሪሲዮን» ሆነ። በዚህ ሚዛን «ፍሬን» የሚለው ቃል ያጠራጥራል። ከጣልያንኛው «ፍሬኖ» መጥቶ ቢሆን «ፍሬኖ» ተብሎ በቀረ ነበር፤ ስለዚህ ከፈረንሳይኛ መጣ የሚሉት ወገኖች ሚዛኑ ያደላላቸዋል ብለን እናምናለን።

«ፍሪሲዮን» ላይ ጥቂት እንቆይ። በጣልያንኛ ቃሉ መጀመሪያ መተሻሸትን ያመለክታል፤ ኋላ መሣሪያው በሚሠራበት ኀይል ተሰየመ። እንግሊዝኛው ያንኑ ዕቃ ከመያዝ፣ ከመጨበጥ አንጻር ሰየመው፤ ጀርመንኛው ደግሞ ከማጋጠም አንጻር። አንዱ ዕቃ በአንዱ አገር ታሽቶ፣ በሌላው ተይዞ፣ በሦስተኛው ተጋጥሞ ይጠራል። ሦስቱም እውነት ነው፤ አንዳቸውም ግን ሙሉ አይደለም። ዕቃው ዋና ሥራው ማለያየት ሆኖ ሳለ ከሦስቱ በዚያ የሰየመው የለም። ይህን የምናነሣው «ፍሪሲዮን»ን በአገርኛ ቃል እንተካው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ስለሚነሣ ነው። እኛም በወጣትነታችን ሞክረነዋል። የጣልያንኛውን ፍች ተከትለን ከ«ፋቀ» ልናወጣለት አስበን ስንገሠግሥ የደረስንበት ቃል «መፋቂያ» ሆነና ወረቀቱን አጠፍነው፤ ነጂ ሁሉ ማርሽ ከመቀየሩ በፊት ጥርሱን እንዲፍቅ የምናዝ መሰለብን።

ከዚህ ቀልድ በስተጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። በአማርኛ የፊዚክስ መማሪያ የመተሻሸት ኀይል «ሰበቃ» ይባላል፤ እሳት በእንጨት ከሚሰበቅበት ግብር የተወሰደ መልካም ቃል ነው። አማርኛ አንዱን ከራሱ ሥር አወጣ፣ ሌላውን ተዋሰ፣ በዚህም ሁለት ጥርት ያሉ ቃላት አገኘ። «ፍሪሲዮኑ የሚይዘው በሰበቃ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እንግዲህ የተውሶ ቃል ሁሉ የድኽነት ምልክት ነው የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ አይሠራም።

«ማርሽ» ሌላ ችግር አለበት። የጣልያንኛው ቃል በአነጋገር «ማርቻ» ነው። «ካቻቢቴ» ላይ «ች»ን አጥብቆ የያዘው የመካኒክ ጆሮ ስለ ምን «ማርቻ»ን ወደ «ማርሽ» ለወጠው? ግምታችን ይህ ነው፤ የሰልፍ ሙዚቃ ስም የሆነው የፈረንሳይኛው «ማርሽ» በከተማው ጆሮ የታወቀ ስለ ነበረ፣ አዲሱ ቃል ሲመጣ የቀደመው ወደ ራሱ ሳበው። ስለዚህም በመዝገበ ቃላት ሁለቱን «ማርሽ» በሁለት ተራ ማስቀመጥ ይገባል እንጂ በአንድ ተራ ሥር ሁለት ፍች ማድረግ አይገባም። የመኪናው «ማርሽ» ግን ከመኪናው ወጥቶ ሄዷል። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር የወርቅ ሜዳሊያዎችን ሲያገኝ፣ በመጨረሻው ዙር ድንገት ፍጥነት በመጨመሩ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ቅጽል ስም የሚገባው ሆኖ ቀረ። በሯጭ ስም ውስጥ የገባን ቃል የትኛውም የስያሜ ኮሚቴ አያወጣውም፤ ቢያወጣውስ ምሩጽን ምን ሊለው ነው?

የአማርኛ መካኒክ የተዋሰውን ሁሉ እንዳለ አልተወውም። ዋናውን ክፍል በተውሶ ስም ጠርቶ፣ የውስጡን በራሱ ቃል ከፋፈለው። «ሸራ» ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ነው። የቀድሞ የፍሬንና የፍሪሲዮን መተሻሻ ከአስቤስቶስና ከጥጥ ክር የተሸመነ እውነተኛ ጨርቅ ነበር። ዛሬ በሌላ መንገድ ቢሠራም ስሙ የጥንቱን ሽመና ይዞ ቀርቷል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ዕቃውን ገልብጦ፣ ዳስሶ ያየ ሰው ነው። እኛ «ሰሐን» ያልነው ግን ሥዕሉን በወረቀት ብቻ አይተን ነበር። «ጥርስ»ም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛ «ጊር» በሚለው አንድ ቃል ጥርስ ያለውን ብረትም፣ ነጂው የሚመርጠውን የፍጥነት ደረጃም ይጠራል። አማርኛ ብረቱን «ጥርስ»፣ ደረጃውን «ማርሽ»፣ ሁለቱን የያዘውን ሣጥን «ካምቢዮ» ብሎ በሦስት ከፍሎታል። «ሁለተኛ ማርሽ አልገባም አለ» እና «የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ረገፈ» የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጕም ሰው በአንዱ «ጊር» ፋንታ ከሦስቱ አማርኛ የትኛው እንደሚስማማ በየቦታው መወሰን ይኖርበታል፤ መዝገበ ቃላቱ አይወስንለትም።

ይልቁንም «ትራንስሚሽን» የሚለውን ቃል እንጠንቀቅ። በአሜሪካ መጻሕፍት በአብዛኛው ካምቢዮውን ብቻ ማለት ነው፤ በእንግሊዝ መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ከፍሪሲዮን ጀምሮ እስከ ኋላ ዘንግ ያለውን የኀይል መተላለፊያ በሙሉ ያመለክታል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የእንግሊዙ ላንድሮቨርና የአሜሪካኑ ጭነት መኪና በአንድ ግቢ ሲቆሙ፣ የሁለቱም መመሪያ «በእንግሊዝኛ» ስለ ተጻፈ አንድ ቋንቋ የሚናገር ይመስላል። «ትራንስሚሽኑ ይውረድ» የሚል ትእዛዝ ግን በአንደኛው የአንድ ቀን ሥራ፣ በሌላው የሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የጣልያን መኪኖችና አንዳንድ የጣልያን መካኒኮች በአገሪቱ ቀሩ። በዓለም ጦርነት ምክንያት አዲስ ዕቃ ከፋብሪካ ማስመጣት አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን፣ አንዱን መኪና ለማስነሣት ሌላውን ማፍረስ የተለመደ ዘዴ ሆነ። «መለዋወጫ ዕቃ» የሚለው ስያሜ ከዚህ ልማድ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ አንባቢ ያስተውል። እንግሊዝኛው «ስፔር» ሲል የተረፈ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ማለቱ ነው። ጣልያንኛውና ፈረንሳይኛው ከመለወጥ ይነሣሉ፤ የአማርኛውም ሐሳብ ከእነርሱ የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና አማርኛው «መለወጫ» ብሎ አላቆመም፤ «ተለዋወጠ» ከሚለው፣ ሁለት ወገን ከሚጠይቀው ግስ «መለዋወጫ» አለ። አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ፣ ደግሞም በተራው ሰጪ የሚሆንበት ግስ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ፍለጋ የሄደ ሰው የዚህን ግስ አረባብ ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ይረዳዋል።

ቀጥሎ የእንግሊዝና የጃፓን ፒካፖች መጡ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948፣ ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ የዋሉ ናቸው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት «ክላች» እያለ ይጽፍ ጀመር፤ ጋራዥ ሲገባ ግን «ፍሪሲዮን» ማለትን ተማረ። ሁለቱ ቋንቋዎች የታረቁበት አንድ ስያሜ ቢኖር «ደብል ጋቢና» ነው፤ ቅጽሉ እንግሊዛዊ፣ ስሙ ጣልያናዊ፣ መኪናው ጃፓናዊ፣ ተሳፋሪው ኢትዮጵያዊ። ከዚህ በፊት ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተብሎ የፋብሪካ ምልክቱ ራሱ ስም እንደ ሆነለት ሁሉ፣ በጃፓን መኪኖችም ፊደልና ቁጥር ስም ሆነው መጡ። እዚህ ላይ ነው አዲስ ዐይነት ድብልቅልቅ የተፈጠረው።

ቶዮታ ሞተሮቹንም ካምቢዮዎቹንም በላቲን ፊደል ይሰይማል፤ አሰያየሙ ግን ለየብቻ ነው። «ኤል» የናፍጣ ሞተሮች ቤተሰብ ስም ነው፤ ሁለት ኤል፣ ሦስት ኤል እየተባለ ይጠራል። «ኤል» ደግሞ የካምቢዮ ቤተሰብ ስም ነው፤ ኤል 43፣ ኤል 52 የሚባሉ አሉ። «አር»ም እንደዚሁ ነው። 20 አር እና 22 አር የቤንዚን ሞተሮች ሲሆኑ፣ አር 150 ግን ካምቢዮ ነው። በሃይሉክስ ላይ ከእነዚህ ሌላ «ደብሊው» እና «ጂ» የሚባሉ ካምቢዮዎችም በየጊዜው ተገጥመዋል። ስለዚህ «የኤል ፍሪሲዮን» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ተርጓሚ ፊደሉን ወደ አማርኛ ከማምጣቱ በፊት የሞተር ነው ወይስ የካምቢዮ ብሎ ካልጠየቀ፣ በግእዝ ፊደል የተጻፈ እንቈቅልሽ ማቅረቡ ነው። «የሃይሉክስ ካምቢዮ» ማለትም ብቻውን ከ«የአበሻ ልብስ» የበለጠ አይለይም።

በላንድሮቨር ደግሞ ችግሩ በመጠን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ሁለተኛ ሀ የሚባለው ሞዴል ሦስተኛና አራተኛ ማርሹ ብቻ ሳይጮኽ በቀላሉ የሚገባ ነበር፤ አንደኛና ሁለተኛውን ለማስገባት ነጂው ፍጥነቱን በጆሮው ማስተካከል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሦስተኛው ሞዴል አራቱንም አቀለለ። የአሮጌው ባለቤት ከተሰበረ አዲስ ሞዴል ላይ ካምቢዮ ፈትቶ መግጠም ቢመኝ አያስደንቅም፤ ይህም ይቻላል። ነገር ግን ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ክፍል በሁለቱ ሞዴሎች አሠራሩ የተለያየ ስለሆነ ከካምቢዮው ጋር አብሮ መምጣት አለበት። የአሮጌው ሞተር የፍሪሲዮን ስፋት 9 ኢንች ከሆነና ባለቤቱ የኋለኛውን 9 ኢንች ተኩል ከፈለገ፣ የፕሬዠሩ ቡሎኖች ቦታ ስለሚለያይ ቮላኖው ይለወጣል ወይም እንደገና ይበሳል። እንግዲህ በእኛ ዝርዝር የመጡት ስድስት ሰሐኖች ያልገጠሙት በዚች ግማሽ ኢንች የተነሣ ነው።

የአሜሪካን ፒካፖች ልማድ ደግሞ ቁጥር እንኳ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምራል። በቀደሙት ዓመታት የሼቭሮሌትም የፎርድም ብዙ የካምቢዮ ዘንጎች 10 ጥርስ አላቸው። የሼቭሮሌቱ ውፍረት ግን አንድ ኢንችና አንድ ስምንተኛ፣ የፎርዱ አንድ ኢንችና አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ነው፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ሸራው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በትክክል አይገጥምም። በአንጻሩ በራሱ በሼቭሮሌት ወገን ውፍረቱ ያው አንድ ኢንችና አንድ ስምንተኛ ሆኖ ጥርሱ 26 የሆነ ዘንግ አለ። የጥርሱ ቁጥር አንድ ሲሆን ውፍረቱ ይለያያል፣ ውፍረቱ አንድ ሲሆን ቁጥሩ ይለያያል። «ባለ 10 ጥርስ ሸራ» ብሎ የተረጐመ ሰው አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ተናገረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በቃላት ዝርዝራችን ላይ ያደረግነውን ለውጥ እንግለጽ። «ተነጂ ሰሐን»ን ሰርዘን «ሸራ»ን፣ «ተጫኝ ሰሐን»ን ሰርዘን «ፕሬዠር»ን አስገባን። ሁለተኛው ባዕድ ነው ብለው የወቀሱን ባልደረቦች ነበሩ፤ ወቀሳውን አልናቅነውም። ነገር ግን ሁለት ዕቃዎች በአንድ ስም ከሚጠሩ አንዱ በእንግድነት ቢኖር ይሻላል ብለናል። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ቃል ግርጌ «ሞተር ወገን» ወይም «ካምቢዮ ወገን» የሚል ምልክት ጨመርን። ቮላኖና ፕሬዠር ሞተር ወገን ናቸው። ማስለቀቂያው ኩሽኔታና የሚገፋው ክፍል ካምቢዮ ወገን ናቸው። ሸራ ብቻ ሁለቱም ተጻፈለት፤ ዳሩ ሞተር ወገን፣ መካከሉ ካምቢዮ ወገን። «ወገን» የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጋራዡ ነው፤ በስብሰባ ብናስበው ኖሮ «ምድብ» ወይም «ክፍል» እንለው ነበር።

ይህን አዲስ ዝርዝር ይዘን ወደ እኒያ መካኒክ ተመለስን። መነጽራቸውን አድርገው ተራ በተራ ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከላይ «ላንድሮቨር፣ ሁለተኛ ሀ» ብለን በትልቁ በጻፍነው ላይ ግን እርሳሳቸው ቆመ። «ይህች መኪና እኮ ካምቢዮዋ የሦስተኛው ሞዴል ነው፤ እኔው ነኝ የገጠምኩት። ሊብሬዋን ብታዩት ይህን አይነግራችሁም» አሉ። እውነትም ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ ለካምቢዮ ቁጥር ግን ቦታ የለውም። አርእስቱን በአንድ መስመር ሰርዘው በምትኩ ሁለት መስመር ጻፉ፤ በላይኛው «ሞተር»፣ በታችኛው «ካምቢዮ»፣ ከየራሳቸውም ፊት ለቁጥሩ የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉ። በዝርዝራችን ራስጌ የመኪና ስም መጻፍ ያቆምነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።